መካና ኢየሩሳሌም ከመተማ ሲለኩ

ከመካ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ርቀት በአየር፣ በቀጥታ መስመር ሲለካ፣ 1,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን መነሳቱና ማረፉ ተጨምሮበት ሁለት ሰዓት ቢፈጅበት ነው። ስሌቱ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው የለም። መካ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ሐጃጅ የሚያርፈው ጅዳ ነው። ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን የነበረው ትንሽ ማረፊያም እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ወዲህ ለመንገደኛ ዝግ ስለሆነ በአውሮፕላን ወደ ከተማዋ የሚሄድ በአብዛኛው በቴል አቪቭ በኩል ይገባል። ከጅዳ ተነስቶ ቴል አቪቭ የሚያርፍ መደበኛ በረራ ደግሞ የለም። ስማቸው በጸሎት ላይ ከሌላው ከተማ ሁሉ በልጦ የሚነሳ ሁለት ከተሞች በሂሳብ የሁለት ሰዓት ጎረቤት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ የፈለገ ግን በሦስተኛ አገር መዞር አለበት፤ ያውም የያዘው ፓስፖርት ከፈቀደለት። እንግዲህ «ሁለት ሰዓት» የሚለው መልስ የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? ርቀት የምንለው በምድር ላይ የተዘረጋ ነገር ነው ወይስ በሰዎች መካከል የተቀመጠ? ወደ ተቀደሰ ስፍራ የሚወስደው መንገድ እንዲህ ካጠረ በኋላ ከመንገዱ የሚተርፈው ምንድን ነው?

ይህን ከመተማ ቆላ ሆኖ መጠየቅ ያለ ምክንያት አይደለም። ከምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ከገንዳ ውሃ በቀጥታ መስመር ቢለካ መካ 1,020፣ ኢየሩሳሌም 2,110 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ሁለቱም በሰሜን በኩል ናቸው፤ መካ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች፣ ኢየሩሳሌም ቀጥ ብላ ከፊት ትገኛለች። መካ ከገንዳ ውሃ ያላት ርቀት አዲስ አበባ ካላት እጥፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የዚህ ቆላ ሰው ሐጅ ሲያደርግ ግን መጀመሪያ ለመካ ጀርባውን ይሰጣል፤ በጎንደር አድርጎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የመኪና መንገድ ወደ ደቡብ ይወርድና አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ 1,400 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን በርሮ ጅዳ ያርፋል። ከአዘዞ በአውሮፕላን ቢነሳም አቅጣጫው ያው ነው። ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚነሳውም ክርስቲያን ከዚሁ መንገድ አያመልጥም። ለመቅረብ መራቅ ግዴታ የሆነበት ምክንያት ተራራም በረሃም አይደለም፤ የአገር ድንበር፣ የኬላ፣ የአየር መንገድ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ትክክል ይሁን ስህተት ለጊዜው እናቆየው። ለአሁኑ የሚበቃን አንድ ነገር ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ስለ ተጓዡ ምንም አልነገረንም።

በመካና በኢየሩሳሌም መካከል ስላለው ርቀትና ሰዓት ሰዎች መከራከር የጀመሩት አውሮፕላን ከመፈጠሩ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በእስልምና ትውፊት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሌሊት በመካ ካለው መስጂደል ሐራም በኢየሩሳሌም ወዳለው መስጂደል አቅሷ ተወስደው፣ ከዚያም ወደ ሰማይ ዐርገው፣ ሳይነጋ ተመልሰዋል። ነገሩን ማለዳ ሲናገሩ የመካ ጎሳ የሆኑት ቁረይሾች የመለሱት መልስ የሂሳብ መልስ ነበር፤ ቅፍለት ኢየሩሳሌም ወዳለችበት ወደ ሻም ለመሄድ አንድ ወር፣ ለመመለስ ሌላ ወር ይፈጅበታል፣ እንዴት በአንድ ሌሊት ይሆናል አሉ። ነጋዴዎች ናቸውና መንገዱን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በግመል እግር የለኩት ልክ ትክክል ነበር። የነቢዩ ባልደረባ አቡበክር ሲጠየቁ ግን በሂሳቡ አልተከራከሩም። የተናገሩት እሳቸው ከሆኑ እውነት ነው፤ ከዚህ የሚበልጠውን፣ ከሰማይ የሚመጣላቸውን ወሬ እንኳ አምናቸው የለ ወይ የሚል ነበር መልሳቸው። ዛሬ አንዳንድ ሰባኪ አውሮፕላንን ጠቅሶ «ይኸው፣ በሌሊት ደርሶ መመለስ እንደሚቻል ሳይንስ አረጋገጠ» ይላል። እኔ ይህ ክርክር ለእምነቱ ውለታ የሚውል አይመስለኝም። ተአምሩን ፍጥነት ብቻ ካደረግነው ፈጣን ሞተር የሠራ ሁሉ ተካፋዩ ይሆናል። ቁረይሾች የተሳሳቱት ኪሎ ሜትሩን አብዝተው ስለቆጠሩ አልነበረም፤ ከኪሎ ሜትር በቀር ሌላ ርቀት ስላላዩ ነው። አቡበክር ያዩት ሌላ ርቀት ነበር፤ በአንድ ሰው ቃልና በሰሚው መካከል ያለውን። እሱን የሚያሳጥር ሞተር ገና አልተሠራም።

በክርስትናውም በኩል ተመሳሳይ ነገር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ተቀምጧል፤ ያውም ጉዳዩ የእኛን ሰፈር ይነካል። የሕንደኬ ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ፣ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ወደ አገሩ ሲመለስ በጋዛ መንገድ ላይ ፊልጶስ ያገኘዋል። ካጠመቀው በኋላ ፊልጶስን የጌታ መንፈስ ነጥቆ ይወስደውና በአዛጦን ይገኛል፤ ጃንደረባው ግን ደስ እያለው መንገዱን ይቀጥላል። ጸሐፊው ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ አንዱን ከሌላው አላስበለጠም። በቅጽበት የተወሰደው ወንጌላዊ ነው፤ በሠረገላ እየተንቀረፈፈ ወራት የሚፈጀውን መንገድ የሚሄደው ገና የተጠመቀ ሰው ነው፤ ደስታው የተጻፈው ደግሞ ለዘገየው ነው። ፍጥነትም ሆነ መዘግየት በራሱ መንፈሳዊ ዋጋ እንደሌለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዋጋው ያለው ሰውየው ሲሄድ መንገዱ ክፍት በመሆኑ፣ በመንገዱም ላይ የሚያስረዳው ሰው በማግኘቱ ላይ ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምለው ይህን ነው፤ አውሮፕላን ርቀትን አላጠፋም፣ ባለቤቱን ገለጠው። መንገድ ዓመት በሚፈጅበት ዘመን የበረሃው፣ የባሕሩ፣ የወባውና የጥማቱ ድርሻ ከሰው ክልከላ ጋር ተደባልቆ ስለነበር ማን ምን ያህል እንዳራቀ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር። የሞተው በመንገድ ሞተ ይባላል፤ መንገድ ደግሞ አይከሰስም። ዛሬ የተፈጥሮ ድርሻ ተለክቶ ታውቋል፤ ወደ መካ ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቴል አቪቭ አራት ሰዓት ገደማ። ከዚያ በላይ የሚጨመር ቀን፣ ወርና ዓመት ሁሉ የሰው ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ሠሪ አለው፤ ሠሪ ካለው ስለ ሠራው ሊጠየቅ ይገባዋል። ርቀት ከመልክዓ ምድር ወጥቶ ወደ ሥነ ምግባር የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የቀደመውን ዘመን ለማየት መተማ ራሷ ትበቃለች። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው ወደ መካ በእግር የሚጓዙት፣ በአካባቢው ተክሩር የሚባሉት ሐጃጆች፣ ይህችን ጠረፍ መሸጋገሪያ አድርገዋታል። የስዊዘርላንዱ ተጓዥ ቡርክሃርት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ተክሩሮች ሲጽፍ ከመንገዶቻቸው አንዱ በጎንደርና በአክሱም አልፎ ምጽዋ ይወጣ እንደነበር ገልጿል። እየሠሩ፣ እየለመኑ፣ እያረሱ ይሄዳሉ፤ አንድ ሐጅ ዓመታት ይወስዳል፤ ልጅ በመንገድ ይወለዳል፣ አባት በመንገድ ይቀበራል። ብዙዎቹ መተማና በሱዳን በኩል ባለችው ገላባት ላይ ቀርተው ጥጥ ዘርተዋል፣ ገበያውን አቁመዋል፣ የራሳቸውንም ሹም ሾመዋል፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲያልፍ ያገኘው ይህን የተክሩር ከተማ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ርቀት የዕድሜ ክፍል ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማሃሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መነኩሴ ወገናቸውን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሱ። እንደ ሙሴ ዘመን ባሕሩ ይከፈትልናል ብለው ነበር፤ ከአክሱም አካባቢ አላለፉም፤ በረሃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ፣ የተረፉት ተመለሱ። አባ ማሃሪን ተላላ ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ርቀት በእርግጥም የሚያልቅ አልነበረም፤ በሳቸው ላይ የተዘጋ የአየር ክልል፣ የከለከላቸውም ቆንስላ አልነበረም። አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ተከሳሽ ግን የለበትም።

ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ የሆነው ከዚህ ይለያል። በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ ቤተ እስራኤል በሌሊት እየተጓዙ፣ በመተማና በአካባቢው ጠረፍ እየተሻገሩ ሱዳን ገቡ፤ ብዙዎቹ ከገዳሪፍ አጠገብ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ተከማቹ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6,000 እስከ 8,000 የሚገመቱ ሰዎች ከካርቱም በአውሮፕላን ተወሰዱ። አሁን መስመሩን እንመልከት። ከካርቱም እስከ ቴል አቪቭ በቀጥታ 1,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሱዳን ግን ከእስራኤል ጋር ግንኙነት አልነበራትም፤ ስለዚህ የአንድ የቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላኖች ተሳፋሪዎቹን ወደ ብራስልስ፣ 4,650 ኪሎ ሜትር ያህል ካበረሩ በኋላ፣ ከብራስልስ ደግሞ 3,260 ኪሎ ሜትር መልሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ አመጧቸው። ድምሩ ከቀጥታው መንገድ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ይኸው የቤልጅግ ኩባንያ ቀደም ሲል የሱዳን ሐጃጆችን ወደ መካ ያመላልስ ስለነበር ካርቱም ላይ መታየቱ አላስደነቀም። ያንኑ ሰማይ ያቋረጠው ያው ክንፍ ሐጃጁን በግልጽ፣ ቤተ እስራኤሉን በድብቅ ተሸክሟል። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ዘመቻው ቆመ፤ ገዳሪፍ አካባቢ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ግን አሜሪካ ካርቱምን ከጠየቀች በኋላ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አጠገብ ተነስተው 500 ያህሉን ቀጥታ ደቡብ እስራኤል አሳረፏቸው፤ 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ነበር። በታኅሣሥና በመጋቢት መካከል ምድር አልተኮማተረችም። የተለወጠው የጠያቂው ጉልበት ነው።

የሰለሞን ዘመቻ ያንኑ በሌላ መልክ ያሳያል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ ወንበሮቹ በተነቀሉለት አንድ ቦይንግ 747 ላይ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፍሯል። ይህ በአየር ጉዞ ታሪክ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሲነገር ግን ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛው፣ ከጎንደር ገጠር የወጡት ሰዎች ያን የአራት ሰዓት በረራ አዲስ አበባ ላይ ወደ አንድ ዓመት ገደማ መጠበቃቸው ነው። ሁለተኛው፣ በመጨረሻ በሩ የተከፈተው ለሚወድቀው የደርግ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ከተከፈለ በኋላ መሆኑ ነው። በቋራ የቀሩት የቤተ እስራኤል ሰዎች ወረፋ የደረሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ ተራ የጠበቁ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ፤ እናት እዚያ ልጅ እዚህ ሆኖ። ለነዚህ ሰዎች «ከጎንደር ኢየሩሳሌም ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልሱ የትውልድ ዕድሜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ሊያቆመኝ ይችላል። ርቀት ርቀት ነው፤ አንተ የምትናገረው ስለ ፖለቲካ መዘግየት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ግጥም እንጂ ፍልስፍና አይደለም ይለኛል። ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል፤ ሆኖም በብራስልስ የዞሩት ሰዎች የበረሩት በምሳሌያዊ አነጋገር አልነበረም። ነዳጁ በእርግጥ ተቃጥሏል፣ ሌሊቱ በእርግጥ ረዝሟል፣ ከቆላ የወጣ ሕፃን በእርግጥ የአውሮፓን ክረምት ብርድ ቀምሷል። አውሮፕላን ነጂ ራሱ ለአንድ ጉዞ ሰዓት ሲተምን የቀጥታውን መስመር አይወስድም፤ የተፈቀደለትን የአየር ክልል ነው የሚቆጥረው። ሳውዲ አረቢያ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአየር ክልሏን ለሁሉም አየር መንገዶች እንደምትከፍት ስታስታውቅ ከእስራኤል ወደ ምሥራቅ የሚበር ሁሉ የሰዓት ሰሌዳውን የሚያሳጥርበት ዕድል አገኘ። እንግዲህ ፈቃድ በርቀቱ ላይ የተለጠፈ ተቀጥላ ሳይሆን ርቀቱ የሚሠራበት አንዱ ግብዓት ነው። ቀጥታ መስመሩን «እውነተኛው»፣ የተሄደውን «ፖለቲካው» ብሎ መክፈል የሚመቸው መንገዱን ለማይሄድ ሰው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖት ሰዎች የሚመጣ ሲሆን ከመጀመሪያው የከበደ ነው። የመሳለም ዋጋው በድካሙ ነው፤ ስንቅ ቋጥሮ፣ እግሩ ደምቶ፣ በረሃ አቋርጦ የደረሰና በጧት ቁርሱን አዲስ አበባ በልቶ በምሳ ሰዓት የደረሰ እኩል አይደሉም የሚል ነው። ለዚህ አባባል በሁለቱም እምነት ማስረጃ አለ። ነቢዩ ለባለቤታቸው ለአኢሻ የዑምራዋ ምንዳ በድካሟ ልክ እንደሚሆን መናገራቸው ተዘግቧል። ነገር ግን በዚያው በሐዲስ መድብል ሌላ ዘገባ አለ። አንድ ሽማግሌ እስከ ካዕባ በእግሩ ሊሄድ ስዕለት ተስሎ ሁለት ልጆቹ ደግፈውት ሲንገዳገድ ነቢዩ አይተው፣ አላህ ይህ ሰው ራሱን በማሰቃየቱ የሚያገኘው ጥቅም እንደሌለው ተናግረው በከብት እንዲሄድ አዘዙት። ሁለቱ ዘገባዎች የሚጣሉ አይመስለኝም። መንገዱ በራሱ የሚጠይቀው ድካም ዋጋ አለው፤ ቀላሉ መንገድ እያለ ተፈልጎ የሚመጣ ስቃይ ግን ዋጋ የለውም። ከሁለቱም የሚለይ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ቀላሉ መንገድ እያለ ሌላው ሰው የሚያስገድድህ ስቃይ። በሱዳን መንገድ የሞቱት ሰዎች ስቃይ ይህ ነው። እነሱን «በድካማቸው ከበሩ» ብሎ ማወደስ ብቻውን ለከለከላቸው ሰው ሽፋን መስጠት ይሆናል። ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ መታሰቢያው ትዕግሥታቸውን ብቻ ካስታወሰና ለምን በእግር እንደሄዱ ካላስጠየቀ ግማሹን ረስቷል ማለት ነው።

ከዚህም የጠለቀ ሦስተኛ ክርክር አለ፤ ጥያቄውን ራሱን የሚሰርዝ። እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ ካለ ወደ ኢየሩሳሌምም ሆነ ወደ መካ ያለው ርቀት ምን ያደርጋል? ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት በዚህ ተራራም በኢየሩሳሌምም የማይሰገድበት ሰዓት እንደሚመጣ ነግሯታል። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ በአንድ ደብዳቤው ቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ አስረግጦ ጽፏል፤ ሄሮኒሞስም መንግሥተ ሰማያት ከኢየሩሳሌምም ከብሪታንያም እኩል ክፍት ናት ብሏል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ አስተማሪዎቹን ግን ልብ እንበል። ጎርጎርዮስ ይህን የጻፈው ኢየሩሳሌምን ራሱ አይቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሄሮኒሞስ ደግሞ ሲጽፍ ቤተ ልሔም ተቀምጦ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም የሁለት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ላይ። ቦታ ምንም አይደለም ማለት ቦታው ለደረሰው ሰው አይከብደውም። መከልከል ያለበት ሰው ይህን ትምህርት ከከልካዩ አፍ ሲሰማው ትምህርት መሆኑ ይቀራል። ደግሞስ አካል አቅጣጫ ሳይኖረው ይሰግዳል ወይ? ሙስሊሙ ወደ ቂብላ ይዞራል፣ ቤተ ክርስቲያን መቅደሷን ወደ ምሥራቅ ትሠራለች፣ ቤተ እስራኤል በጸሎት ወደ ኢየሩሳሌም ፊታቸውን ያዞራሉ። አቅጣጫ ካለ ርቀት አለ።

የእኛ አገር ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በድንጋይም መልሰዋል። ሳላሃዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1187 ነው፤ በዚያው ዘመን ገደማ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ ሕዝቡ ወደ ሩቅ አገር እየሄደ እንዳይጎዳ ብሎ ዮርዳኖሱን፣ ጎልጎታውን፣ ቤተ ልሔሙን በሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ፈለፈለ። ኢየሩሳሌም መሄድ ካልተቻለ ኢየሩሳሌም ትምጣ ነው ነገሩ። ግን ላሊበላ ከተሠራ በኋላም ኢትዮጵያውያን በኑቢያና በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም መሄድ አላቆሙም፤ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በዴር ሱልጣን ያሉት መነኮሳት የዚያ ጉዞ ተከታዮች ናቸው። ምስሉ ዋናውን አልሻረውም፤ እንዲያውም ናፍቆቱን አጠነከረው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስግድ ነው። ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ በአምቦበር ተራራ በየዓመቱ ጾመው፣ ኦሪቱን ይዘው ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይለምኑ ነበር። አውሮፕላኑ ካደረሳቸው በኋላ በዓሉ ያበቃል ብሎ የጠበቀ ይኖራል። አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆነ። ዛሬ ቄሶቹ ጃንጥላ ይዘው የሚቆሙት ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አሮጌዋን ከተማና የመቅደሱን ኮረብታ ከሚያሳይ ከፍታ ላይ ነው፤ ኢየሩሳሌም ላይ ቆመው ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልያሉ። በረራው የፈጸመው አንዱን ርቀት ነው። ሌላው፣ በሰውና በተስፋው መካከል ያለው፣ በአራት ሰዓት የሚያልቅ አልሆነም። ይህኛውን ማንም እንዲያነሳው አልጠይቅም፤ ያለ እሱ ጸሎት የለም። መጠየቅ የሚቻለው ስለ መጀመሪያው ነው።

ከመተማ ሆኖ ይህን የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ማመን አለበት። መቅረብ ሁሉ በጎ አይደለም። መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ወራጅ ነው፤ ይህ ቅርበት ገበያ እንደሆነ ሁሉ ጦርም ሆኗል። የመሐዲስት ጦር በዚህ በኩል ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1888 ጎንደርን አቃጥሏል፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ቆስለው ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ «ድንበር ሁሉ ይነሳ» የሚል ስብከት ከዚህ መሬት አይበቅልም። ከሰው መራቅ ራሱ በረከት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም አባቶች በዚህ ቆላ ጫካ ውስጥ የተቀመጡት ርቀቱን ፈልገው ነው፤ ለእነሱ ፈጣን መንገድ መሥራት ውለታ መሆኑ ያጠራጥራል። የሐጅ ኮታም ክልከላ ነው፤ የእስልምና ትብብር ድርጅት ባወጣው ልክ ለአንድ ሺህ ሙስሊም አንድ ሐጃጅ ይደርሳል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ይዞ ተራውን ሳያገኝ ይቀራል። ኮታው ግን ምክንያቱን ይናገራል፣ ሚና እና ዐረፋት ላይ የሰው ብዛት ሕይወት አጥፍቷልና፤ ለሁሉም አገር በአንድ ስሌት ይሠራል፤ ያወጣውም አካል ይታወቃል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ የሚታወቅ፣ ምክንያቱ የሚነገር፣ ለሁሉ እኩል የሚለካ ርቀት ሊታገሡት ይቻላል። ባለቤቱ የተደበቀ፣ ለአንዱ በገንዘብ ለሌላው በጉልበት የሚከፈት ርቀት ግን «መንገዱ ሩቅ ነው» በሚል ስም መጠራቱ ሐሰት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነቱ ሲጀመር የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ቀን ተመትቶ ተዘጋ። ከካርቱም እስከ መተማ በቀጥታ መስመር 490 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአየር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰዎች ያን በገዳሪፍ በኩል በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በእግር አቋረጡት፤ ከሱዳናውያኑ ጋር ከሌላ አገር መጥተው ካርቱም ይኖሩ የነበሩም ነበሩ። ከመጡት ብዙዎቹ በምዕራብ ጎንደር በኩመር መጠለያ ሰፈሩ። በእስልምና ሕግ ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው ነው፤ ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት ከመቻል ውስጥ የመንገድ ደህንነትን ይቆጥራሉ። መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ግዴታው ከሰውየው ይነሳል። ሕጉ ለተጓዡ ይራራል፤ ፍትሐዊም ነው። እኔ የምጨምረው ሕጉ ያላለው ነገር ይሆናል፤ ከተጓዡ የተነሳ ግዴታ የትም አይጠፋም፣ መንገዱን ባስፈራው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል ብዬ አስባለሁ። ድሮ መንገዱን የሚያስፈራው አሸዋና ጥማት በነበረ ጊዜ ይህ ዕዳ የሚያርፍበት ሰው አልነበረውም። አሁን አለው፤ የአየር ማረፊያ የሚመታ፣ ኬላ ላይ የስደተኛ ገንዘብ የሚቀበል፣ የቤተሰብ ፋይል ሃያ ዓመት ሳይከፍት የሚያቆይ። ሊቃውንቱ፣ በሁለቱም እምነት ያሉት፣ የተሳላሚውን ግዴታ በዝርዝር ጽፈውልናል፤ የከልካዩን ግዴታ የሚዘረዝር ምዕራፍ ግን ገና አልተጨመረበትም።